የማትነጥረዋን የለቀመ ይብላት

ቤልሚራ በሁለት ጉልበቷ ተንበርክካ የቦዩን ዳርቻ ሐረግ በጣቶቿ ስትገላልጥ አሥራ ሁለተኛዋን ፍሬ አገኘች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ ቀስ ብላ ጫን አደረገቻት። ለስለስ አለችባት፤ ያለፈው ሳምንት ውርጭ መትቷታል ማለት ነው። ቢሆንም አልጣለቻትም። ከሌሎቹ ጋር ባዶ የቡና ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረቻትና ወደፊት ዳኸች።

የምስጋና ቀን ጠዋት ነው። ከማሳው ማዶ ያሉት ጥዶች ገና ጭጋጉን አላራገፉም፤ አሸዋማው ግድብ ላይ የወረደው አመዳይ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። ታናሽ ወንድሟ ሲልቪኖ የአባታቸውን ካፖርት ደርቦ፣ ቡናውን በኩባያ ይዞ ከበላይዋ ቆሟል። ትናንት ነው ከፍሎሪዳ የመጣው። ሃያ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ የኖረ ሰው በመሆኑ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"እኔ ያመጣሁት ከረጢት ሙሉ ክራንቤሪ ኩሽና ተቀምጦልሻል እኮ" አላት። "ፍሬ ፍሬ ነው። ማን ያውቃል?"

"እሱ ያውቃል።"

"ሰውዬው አራት ቀን ሙሉ ከበረዶ ቁራጭ በቀር የቀመሰው ነገር የለም። አሁን ተነስቶ የፍሬ ዘር ሊቆጥር ነው?"

"አባዬን ረስተኸዋል መሰለኝ። ዓይኑን ሸፍነህ ብትሰጠው በጥርሱ ይለየዋል።"

"ጥርስ መቼ አለውና!"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙም አልዘለቀም፤ ሲልቪኖ ፊቱን ወደ ጥዶቹ አዞረ፣ እሷም ወደ ሐረጓ ተመለሰች።

እንዲያው ሲታይ ለአንድ እፍኝ ፍሬ ይህን ያህል መዳህ የጤና አይመስልም። የባሮስ ቤተሰብ ግን ሲዳህ የኖረ ነው። አያታቸው ከውቅያኖስ ማዶ፣ ከፎጎ ደሴት በመርከብ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ማሳ ላይ በጉልበቱ እየሄደ ክራንቤሪ ሲለቅም ኖረ። ማንም የማይፈልጋትን ይህችን ረግረግ ለመግዛት ሲበቃ ጉልበቱ አልቆ ነበር። የመጀመሪያውን ሐረግ የተከለው ከቤቱ ጓሮ በምትዋሰነው ጥግ ላይ ነው። ፍሬዋ ትንሽ፣ ሞላላ፣ ጠጣርና ጥቁር ቀይ ናት። የቀረው ማሳ በልጁ በአርሊንዶ ዘመን ተገልብጦ ትልልቅ ፍሬ የሚሰጠው አዲሱ ዝርያ ተተከለበት። ጥጓን ግን ማንም አልነካትም።

በየመከሩ ማሳው በውሃ ይጥለቀለቃል፤ ፍሬው ከሐረጉ ተራግፎ ይንሳፈፍና ተሰብስቦ በመኪና ወደ ጭማቂ ፋብሪካ ይጫናል። ውሃ የነካው ፍሬ ቶሎ ካልተሠራበት ይበሰብሳል። ጥጓ ግን አስቀድማ በአሸዋ ከረጢት ትታጠርና በደረቁ፣ በእጅ ትለቀማለች። እዚያ የተለቀመው ፍሬ ጎተራው ውስጥ እስከ ገና ድረስ ንቅንቅ አይልም። የምስጋና ቀን ለቤተሰቡ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ስሟንም የማዕድ ጥግ ብለዋታል።

በዕለቱ ጠዋት አርሊንዶ ከአባቱ የወረሳትን የእንጨት ሰሌዳ ጭኑ ላይ አድርጎ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ይጥልባታል። ጤነኛዋ ፍሬ እንደ ኳስ ትነጥራለች፤ እሷ ለማዕድ ናት። የተበላሸችው ድፍት ብላ ትቀራለች። ለእሷም ሕግ አላት፤ "የማትነጥረዋን የለቀመ ይብላት!" ይላል አርሊንዶ። ያን ጊዜ ልጆቹ እየጮሁ ከጠረጴዛ ሥር ይገባሉ። ሲልቪኖ መሸሽ ያውቅበት ነበር። ቤልሚራ ግን ብዙ የምትለቅመውም እሷ፣ የምትያዘውም እሷ ስለነበረች የልጅነቷን የምስጋና ቀኖች ሁሉ የምታስታውሰው አፏ ኮምጥጦ ነው።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ መከሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ የአርሊንዶ ልብ ደከመና ሆስፒታል ገባ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቤልሚራ ከምትነዳው የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሦስት ቀን ፈቃድ ለምና ሠራተኛ ቀጥራ መከሩን ብቻዋን ያዘች። የፋብሪካው መኪና ተራዋ ቀትር ላይ ነበር፤ ያ ተራ ካመለጠ ወረፋው መጨረሻ ላይ ወድቆ አሥር ቀን መጠበቅ ነው። በማለዳ የቦዩን መዝጊያ ሳንቃ አነሳችና ውሃውን ለቀቀች። ሦስት ሰዓት ገደማ ቀና ስትል ጥጓን አየቻት። ከረጢት አልተደረደረባትም፣ አንዲት ፍሬም አልተለቀመባትም። ውሃው እየመጣ ነው እንጂ ገና አልደረሰባትም ነበር።

ሳንቃውን መልሳ ብትዘጋው ኖሮ ጥጓ ትድን ነበር። ግማሽ ቀን ይባክናል፣ መኪናው ያመልጣል፣ ሌላ ምንም አይሆንም። የሠራተኞቹ አለቃ ሰዓቱን አየ። ቤልሚራ እዚያው ቆመች፤ ደቂቃ ብትሆን ነው። ከዚያ ፊቷን አዙራ ወደ ፓምፑ ሄደች። ስትመለስ የአያቷ ፍሬ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይንሳፈፍ ነበር።

ያን ዕለት ሲመሽ ሆስፒታል ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ሳትቀመጥ፣

"ጥጓን ለቀምሽ?" አላት አባቷ።

"ለቀምኩ አባዬ። ጎተራ ናት።"

"ጎበዝ" ብሎ እጇን መታ መታ አደረጋት።

ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ለሲልቪኖ በስልክ "ረሳኋት" አለችው፤ ረሳሁ ማለት ምን ይከብዳል? የከበዳት ሌላ ነው። ያን ውሸት ስትዋሽ በልቧ "እስከ ምስጋና ቀን አይደርስም" ብላ ነበር። ይህን ማሰቧን ባስታወሰች ቁጥር ራሷን ትጠየፋለች።

አርሊንዶ ግን ደረሰ። ሐኪሞቹ የሚያደርጉለት ሲያልቅባቸው ወደ ቤቱ ላኩት፤ አልጋው በመንገድ በኩል ባለው ሳሎን ተዘረጋለት። ማሳዬን እያየሁ ልተኛ፣ ኩሽናው መስኮት ሥር አድርጉኝ ብሎ ሁለት ጊዜ ለመናት። "በበሩ ሥር ንፋስ ይገባል አባዬ" አለችው። ንፋስስ ምንም አልገባም። መስኮቱ ፊት ለፊት ያለችው ያቺው ጥግ ናት፤ አርሊንዶ ደግሞ መሬቱን አንዴ ካየ ከረጢት ተደርድሮበት እንደነበረና እንዳልነበረ ያውቃል።

ስለዚህ ነው አሁን የምትድኸው። የጥጓ ሐረግ ባለፉት ዓመታት በራሱ ጊዜ እየተሳበ የቦዩን ዳርቻ ወጥቷል፤ እዚያ ውሃ አይደርስም። ከቅጠሉ ሥር የተረፈች ካለች የአያቷ ፍሬ ናት። ፀሐይ ከጥዶቹ በላይ ብቅ ስትል ሠላሳ አንድ ሆኑ።

"በቃሽ፣ ጣቶችሽ ሰማያዊ ሆነዋል" አለ ሲልቪኖ፣ እጁን ዘርግቶ እየጎተታት። "ደግሞስ ነርሷ ምን እንዳለች ሰምተሻል።"

ሰምታለች። ትናንት ደጅ ድረስ ስትሸኛት ነርሷ፣ ነገም ሊሆን ይችላል፣ ከነገ ወዲያም ሊሆን ይችላል ብላታለች።

ሳሎን ሲገቡ አርሊንዶ ዓይኑን ገልጦ ጣሪያውን ያያል። ትልቅ ሰው ነበር፤ አሁን ብርድ ልብሱን ገፋ የሚያደርገው ጉልበቱ ብቻ ነው።

"ዛሬ ምን ቀን ነው?" አለ።

"የምስጋና ቀን ነው አባዬ" አለች ቤልሚራ።

"ታዲያ ሰሌዳዬ የታለች?"

ሲልቪኖ እየሮጠ አመጣለት። ትራሱን ደርበው ቀና አደረጉትና ሰሌዳዋን ጭኑ ላይ አኖሩለት። ቤልሚራ ቆርቆሮዋን እጁ ሥር ያዘችለት። ጣቱን አስገብቶ ፍሬዎቹን ዳበሳቸው።

"ቀዝቅዘዋል" አለ።

"ጎተራው ዛሬ በረዶ ነው።"

"ጥፍርሽ ውስጥ ጭቃ አለ።"

"ቦዩን ቅጠል ዘግቶት... እሱን ስጠርግ ነበር።"

"በምስጋና ቀን?" ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። "አንቺም እንደኔው ዕረፍት አታውቂም። ነገ ጉልበትሽን ስትይ እንዳልሰማሽ!"

የመጀመሪያዋን ፍሬ ጣለ። ድፍት ብላ ቀረች።

"የአባትሽ ጆሮ አልሞተም" አላት። "ሕጉን ታውቂዋለሽ።"

ቤልሚራ አንስታ በላቻት። ውሃ ውሃ የሚል፣ ውርጭ የመታው ኮምጣጣ ነው። ሁለተኛዋም አልነጠረችም፤ በላቻት። ሦስተኛዋ ከሰሌዳዋ ዘልላ ብርድ ልብሱ እጥፋት ውስጥ ገባች፤ ሲልቪኖ ጎል እንደገባ ሰው ሁለት እጁን አንስቶ ጮኸ። አርሊንዶ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪያልፍለት ጠበቁት። ከዚያ ቀጠለ። በዘጠኝ ፍሬ ደከመው። ከዘጠኙ የነጠሩት ሁለት ናቸው፤ ሰባቱን ቤልሚራ በልታለች።

"ዘንድሮ ምን ነካሽ? እንዲህ አድርገሽ ለቅመሽ አታውቂም" አላት።

"ዓይኔ እየደከመ ነው መሰለኝ።"

ከነጠሩት ሁለቱ አንዷን አፉ ውስጥ አደረገ። በድዱ እስኪያፈነዳት ጊዜ ፈጀበት። ፊቱ ጭምድድ አለ፤ ከዚያ በዓይኑ ጥግ እንባ ወረደ።

"እሷ ናት" አለ። "የአባቴ ፍሬ።"



"ታውቃላችሁ" አለ ቆይቶ፣ ከነጠሩት ሁለቱ የቀረችውን ፍሬ መዳፉ ውስጥ እያሻሸ፣ "ያን ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ውሃው አሁን ተለቀቀ፣ አሁን ጥጓ ደረሰ እያልኩ ስጨነቅ ነበር። በኋላ ደግሞ ቤልሚራ አለች አይደል እንዴ አልኩና ተኛሁ። ሲልቪኖ ቢሆን ኖሮ አስጥሟት እሱ ዓሣ ያጠምድ ነበር።"

"አመሰግናለሁ አባዬ፣ የምስጋና ቀን አይደል" አለ ሲልቪኖ።

ቤልሚራ የአልጋውን ብረት ያዘች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግርህ..."

"ትንሽ ልረፍ ልጄ። ቀሪውን ስነቃ እናነጥራለን።" ዓይኑን ከደነ። "ቆርቆሮዬን ማንም እንዳይነካብኝ።"

"እሺ" አለች።

ኩሽና እንደገቡ ሲልቪኖ በሩን ገርበብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ልትነግሪው ነው? አብደሻል?"

"ሲነቃ እነግረዋለሁ።"

"ረሳሁ ብትዪው ምን ይጠቅመዋል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ደስ ብሎት አላየሽውም?"

"አይቻለሁ። እሱ ነው የጨረሰኝ።"

ሲልቪኖ ግራ ገብቶት አያት፤ ከዚያ ትከሻውን ነቅንቆ የቱርክ ዶሮውን ሊያይ ኦቨኑን ከፈተ። ቤልሚራ ለእናቷ ነፍስ ስትል በየዓመቱ የምትሠራውን የደሴቱን ምግብ፣ ጃግን ጣደች፤ ሩዙን፣ ባቄላውን፣ በቀጭኑ የተከተፈውን ቋሊማ። ከሱፐርማርኬት የመጣውን ክራንቤሪ ደግሞ ከስኳር ጋር ምድጃ ላይ አኖረችው። ትልልቆቹ ፍሬዎች ድስቱ ውስጥ እየፈነዱ ሲንጣጡ ምን ብላ እንደምትጀምር ታሰላስል ነበር። "አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ" ልትል ነው? ወይስ ከመኪናው ትጀምር? ከመኪናው ከጀመረች ሰበብ መፈለግ ይሆንባታል። ከጥጓ ለመጀመር ወሰነች። አይቻት ነበር ማለት፤ ሌላው ራሱ ይመጣል።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሳሎን ገባች።

"አባዬ" አለች።

አርሊንዶ እንዳስተኙት ነው። አፉ በትንሹ ተከፍቷል። ጎንበስ ብላ ትንፋሹን ጠበቀች፤ እስኪመጣ ድረስ ቆየች፣ አልመጣም። ግንባሩን ስትነካው ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም። በቀኝ መዳፉ ውስጥ ያቺ ሁለተኛዋ የነጠረች ፍሬ አለች።

"አባዬ፣ ልነግርህ መጣሁ እኮ" አለችው። "ተነስ እንጂ። ቀሪውን እናነጥራለን ብለህ አይደል?"

ሲልቪኖ ከኩሽና ሰምቶ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ የአባቷን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ጣቶቹን በፍሬዋ ላይ አጥፋለታለች።

ነርሷ መጥታ ሰዓቱን ጻፈች። ቀባሪዎቹ ሁለት ሆነው ጥቁር ሱፍ ለብሰው መጡ፤ የበዓል ምሳቸውን አቋርጠው እንደወጡ አሁንም ከሚያኝከው ጉንጫቸው ያስታውቃል። ቤልሚራ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፤

"ቀኝ እጁን እባካችሁ አትክፈቱት።"

ትልቁ ሰውዬ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። "እንዳሉት ይሆናል እመቤቴ" አላት።

መኪናቸው በጥዶቹ መሃል ሲሰወር ቤቱ ጭር አለ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ነው። ሲልቪኖ ኦቨኑን በጊዜ ስላላጠፋው ቱርኩ እንደ ጫማ ቆዳ ደርቋል። እንደምንም ቆራርጦ ሁለት ሳህን አቀረበ፤ ጃጉን ጨመረበት፤ በስኳር የተቀቀለውን የሱፐርማርኬት ክራንቤሪም በጎድጓዳ ሳህን መሃል ላይ አኖረው።

"ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም። ነይ ትንሽ ብዪ" አላት።

ቤልሚራ መጣች። በአንድ እጇ ሰሌዳዋን፣ በሌላው ቆርቆሮዋን ይዛለች። አባቷ ይቀመጥበት በነበረው፣ ወደ መስኮቱ በሚያየው ወንበር ተቀመጠች። ከመስታወቱ ማዶ ጥጓ ባዶዋን ተጋድማለች።

"ማንም እንዳይነካብኝ ብሎ ነበር እኮ" አለ ሲልቪኖ።

"አውቃለሁ።"

አንዷን ፍሬ አንስታ ጣለች። አልነጠረችም። አፏ ውስጥ አደረገቻት። ሌላዋን ጣለች፤ አልነጠረችም፤ በላቻት። ሲልቪኖ ሹካውን እንደያዘ ያያታል። አምስተኛዋን ስትውጥ ቆርቆሮዋን ሊወስድ እጁን ሰደደ።

"ተይው፣ ዶሮዎቹ ይብሉት።"

"የማትነጥረዋን የለቀመ ይብላት።"

"ጨዋታ እኮ ነው ቤልሚራ። አባዬ ሊያስቀን የፈጠረው ጨዋታ ነው።"

"ሲልቪኖ" አለች፣ ዓይኗን ከሰሌዳዋ ሳታነሳ፣ "ረስቼ አልነበረም።"

"ምኑን?"

"ጥጓን። ውሃው ሳይደርስባት አይቻታለሁ። ሳንቃውን መዝጋት እችል ነበር። መኪናው እንዳያመልጠኝ ብዬ ዝም አልኩ።"

ሲልቪኖ ሹካውን አስቀመጠ። ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ተነሳ፣ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ። ቤልሚራ አልለመነችውም። ፍሬ ትጥላለች፣ ድምፁን ትሰማለች፣ ትበላለች። ምላሷ ደንዝዟል፤ ከንፈሯ ቀልቷል። እንባዋም እየወረደ አገጯ ላይ ሲደርስ አትጠርገውም።

"ኩሽና አስተኙኝ ሲል ንፋስ አለ ያልሽው..." አለ ሲልቪኖ ሳይዞር።

"አዎ።"

በመጨረሻ ተመልሶ መጣና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። አልሰደባትም፤ አይዞሽም አላላትም። ሳህኑን ወደ ጎን ገፍቶ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈና አብሯት ድምፁን ያዳምጥ ጀመር።

አንዷ ነጠረች። ሰሌዳዋን ዘልላ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ተፈናጥራ የሲልቪኖ ሳህን ሥር ሄዳ ቆመች። ሁለቱም አዩዋት። ትንሽ፣ ሞላላ፣ ጥቁር ቀይ ናት። ሲልቪኖ አነሳትና በመዳፉ ዘረጋላት።

"እንኪ፣ ብያት። ቀኑን ሙሉ የተበላሸውን ብቻ ስትበዪ ዋልሽ።"

ቤልሚራ መዳፉን መልሳ አጠፈችው።

"የነጠረችው የማዕድ ናት" አለች። "አንተ ብላት።"

ሲልቪኖ አመነታ። ከዚያ አፉ ውስጥ ከተታትና ነከሳት። ፊቱ ልክ ልጅ ሆኖ አልፎ አልፎ ከጠረጴዛ ሥር ሲያዝ እንደነበረው ጭምድድ አለ፤ ግንባሩን በክንዱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ።

ቤልሚራ አንድ እጇን ጀርባው ላይ አኖረች። በሌላው ቆርቆሮዋን ሳብ አድርጋ ውስጡን አየች። አራት ቀርተዋል። ቀጣይዋን አነሳችና ሰሌዳዋ ላይ ጣለቻት።